ከ«አላየሁም» በኋላ

እትዬ ጠሂራን ሌባ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ጎበዜ አይደለም፣ ሶሬሳ አይደለም፣ ካሜራውም አይደለም። ካሜራ ምን ያደርጋል፣ ያዞሩበትን ይቀርጻል። እኔ ነኝ፤ በሪሁን፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ ቪዲዮ የምቆርጥ ሰው። የቆረጥኩት ሃያ ሁለት ሴኮንድ ነው። ሰው ለማጥፋት ከዚያ በላይ ጊዜ ያስፈልጋል የምትሉ ካላችሁ ሙያውን አታውቁትም።

ፕሮግራማችን «የህሊና ካሜራ» ይባላል። ሰው በሚበዛበት ቦታ ዕቃ እንጥላለን፤ ካሜራ ደብቀን ማን እንደሚመልስ፣ ማን ይዞ እንደሚሄድ እንቀርጻለን። ከሥሩ የሚያሳዝን ክራር እናስገባለን፤ መጨረሻ ላይ ጎበዜ ኮቱን ለብሶ ብቅ ይልና ስለ ታማኝነት ይመክራል። ባለቤቱም፣ አዘጋጁም፣ መካሪውም እሱ ነው። ጎበዜ እንደሚለው ማንኛውም ፊልም የራሱ ሕግ አለው፤ የፍቅር ፊልም መለያየት ይፈልጋል፣ የወንጀል ፊልም ሬሳ ይፈልጋል፣ የእኛ ደግሞ ሌባ ይፈልጋል። አንዱ ይመልሳል፣ አንዱ ያመነታል፣ አንዱ ይሰርቃል። ሦስቱም ከመለሱ ተመልካቹን እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔም ይህን ሲናገር በሰማሁ ቁጥር በእውቀቱ እደነቅ ነበር። ስለ ታማኝነት የሚሰብክ ፕሮግራም እንጀራውን የሚያገኘው ሰው ሲሰርቅ ብቻ መሆኑ ለሦስት ዓመት አልታየኝም።

እትዬ ጠሂራ መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ ከአንድ ግንብ ሥር ሸራ ወጥረው የሚቀመጡ የወሎ ሴት ናቸው። ሥራቸው አደራ መጠበቅ ነው። ከገጠር የመጣ ተሸካሚ ቤት የለውም፤ ጠዋት ብርድ ልብሱን፣ ቅያሪ ሱሪውን፣ መታወቂያውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ እሳቸው ዘንድ ያኖርና ሲሸከም ውሎ አመሻሽ ላይ ይወስዳል። የሚከፍላቸው የሻይ ዋጋ ነው። ደረሰኝ የለም፣ ቁጥር የለም። በየጥቅሉ አፍ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ያስሩበታል፤ የትኛው የማን እንደሆነ በቃላቸው ያውቁታል። ከአርባ በላይ ሰው ያለ የሌለ ኑሮውን ከእሳቸው ጀርባ አስቀምጦ ይውላል። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስሸከም ጥቅሌ እሳቸው ጋ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ። የትምህርት ማስረጃዬን ዝናብ እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ደራርበው ያቆዩልኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ወረቀት ነው ኮሌጅ የገባሁት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ እትዬ ጠሂራ በዚህች ዓለም ላይ ያላቸው ሀብት ሰው እሳቸውን ማመኑ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን የጣልነው ስልክ ነበር። እኔ ቀረጻ ላይ አልሄድም፤ የተቀረጸው ነው የሚመጣልኝ። ስልኩ ከሸራቸው ፊት ለፊት ወደቀ። እትዬ ጠሂራ ግራ ቀኝ አዩ፣ ጎንበስ ብለው አነሱት፣ ሻርፓቸው ሥር ደበቁት። ተዋናያችን ሶሬሳ እንደ ተጨነቀ ሰው እየተጣደፈ መጣና ስልክ ወድቆ አይተው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«አላየሁም» አሉ።

መርካቶን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። እዚህ ሰፈር የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው «የማን ነው?» ብሎ አይጮህም፤ ከጮኸ ሃያ ባለቤት ይመጣለታል። መጀመሪያ ይደብቀዋል። ከዚያ ቀድሞ የሚመጣውን ጠያቂ «አላየሁም» ይለዋል፤ ቀድሞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሲወድቅ ያየ ሌባ ነውና። ሌባ «አላየሁም» ሲባል ነገር ሳያበዛ ዞር ይላል። ባለቤቱ ግን አይሄድም፤ ይቆማል፣ ይለምናል። የቆመውን ምልክት ይጠይቁታል። ምልክቱን ከነገረ ይሰጡታል፤ ካልነገረ ዕቃው መስጊድ ይገባና ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ «ዕቃ ተገኝቷል» ተብሎ ይነገራል፤ የምን ዕቃ እንደሆነ እንኳ አይባልም። ይህን የማያውቅ ነጋዴ ሰባተኛ ላይ የለም። ጎበዜ አያውቅም፤ ያደገው ሌላ ሰፈር ነው። እኔ ግን አውቃለሁ።

ሶሬሳ የታዘዘው ባለቤት መምሰል ስለሆነ አልሄደም፤ ቆመ። እትዬ ጠሂራ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ምን ዓይነት ስልክ እንደነበር፣ ምልክቱ ምን እንደሆነ ጠየቁት። ስልኩን በአካል አይቶት የማያውቅ ሶሬሳ «ጥቁር ነው» አለ። ጥቁር ያልሆነ ስልክ የታለና አሉት፤ ለማንኛውም ከዙህር በኋላ መስጊድ ሄዶ የመስጊዱን ሼህ፣ ሼህ ሙደሲርን፣ እንዲጠይቅ ነገሩት። ሃያ ሁለቱ ሴኮንድ ይኸው ነው። በማግስቱ ጎበዜ የስልኩን ካርቶን አስይዞ ሰው ላከ፤ ሼህ ሙደሲር ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከስልኩ ጋር አመሳክረው አስረከቡ። ስልኩ ተመልሶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

የሚመልስ ሁለት ሰው ነበረን። የሚሰርቅ አልነበረንም። ቪዲዮው ደግሞ አርብ መውጣት ነበረበት። ጎበዜ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «አላየሁም» ያሉበት ላይ በጣቱ አስቆመኝ። እዚህ ላይ ቁረጠው አለኝ። ሴትየዋን እንደማውቃቸው፣ ስልኩም እንደተመለሰ ነገርኩት። ፊታቸውን እናደበዝዘዋለን፣ ማን ያውቃቸዋል፣ ነገሩ ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለ ማኅበረሰቡ ነው አለ። የጻፍኩትን ድራማ በሚመጣው ዓመት እንደሚያሠራልኝም በዚያው አነሳ። እናም ቆረጥኩት። ፊታቸውን አደበዘዝኩ፣ ክራሩን አስገባሁ፣ ቡና ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መርካቶ ሰውን በፊቱ አያውቅም። በድምፁ፣ በአቀማመጡ፣ በሸራው ቀለም ነው የሚያውቀው። ፊታቸው ጭጋግ ቢሆንም ከኋላቸው የተደረደሩት ባለክር ጥቅሎች ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰባተኛ ያለ ሰው ሁሉ ቪዲዮውን አይቶት ነበር። ማንም አልሰደባቸውም፤ ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። ተሸካሚዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ፣ በአክብሮት አንገታቸውን ደፍተው፣ «እትዬ፣ አገር ቤት ልሄድ ነው» እያሉ ጥቅላቸውን ወሰዱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠላሳ ምናምን ሰው አገር ቤት ገባ፤ ሁሉንም በማግስቱ እዚያው መርካቶ ሲሸከሙ ያዩዋቸው ነበር።

ሼህ ሙደሲር ዝም አላሉም። «ስልኩን ያስረከቡኝ ጠሂራ ራሳቸው ናቸው፣ በዚያው ቀን» ብለው ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ሰዉም ሰማቸው፤ አከበራቸውም፤ አላመናቸውም እንጂ። ካሜራ እንዳለ ስትነቃ ነው የመለሰችው አለ አንዱ። ሼሁ ያዩት መመለሷን ነው፣ እኛ ያየነው መካዷን ነው አለ ሌላው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ምስክርነት በአንዲት በተቆረጠች ቃል ተሸነፈ።

እትዬ ጠሂራ ራሳቸው ደወሉልኝ። አንተ ፊልም ቤት ነው የምትሠራው፣ የቀረውን ያልኩትን ለምን አላወጡትም፣ እስቲ ጠይቅልኝ አሉኝ። ማን እንደቆረጠው አልጠየቁም፤ እኔም አልተናገርኩም። እሺ እጠይቃለሁ አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ጎበዜን ለመንኩት። ቪዲዮውን እናውርደው ስለው፣ ሁለት ሚሊዮን ሰው ያየውን ማን ያወርዳል አለኝ። ቢወርድስ፣ በየሰዉ ስልክ ገብቷል። ይልቅ ጥሩ ሐሳብ መጥቶለት ነበር፤ ይምጡና በካሜራ ፊት ተሳስቻለሁ ይበሉ፣ ያልቅሱ፣ እኛ ይቅር እንላቸዋለን፣ ስጦታም እንሰጣቸዋለን። የይቅርታ ክፍል ከሌባ ክፍል የበለጠ ይታያል አለ። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ ሊነግድ ነው። ሙሉውን ቅጂ ስጠኝና እኔ ላውጣው ስለው ሳቀብኝ፤ ሜሞሪው ተደምስሶ ሌላ ክፍል ተቀርጾበታል። ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። እኔም ኮፒ አላስቀረሁም፤ ሃርድ ዲስኬ ሞልቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቀና መንገድ ነበረኝ። ሶሬሳ አለ፤ እሱ የሰማውን መናገር ይችላል። ያን ሰሞን ለሌላ ሥራ ጅማ ሄዶ ነበር እንጂ ስልክ ይሠራል። አልደወልኩለትም። እሱን ለመጠየቅ መጀመሪያ «እኔ ቆርጬው ነው» ማለት ነበረብኝ፤ ያቺ ቃል ደግሞ ከአፌ አልወጣ አለች። ስለዚህ የሚብሰውን መረጥኩ።

እሁድ ቀን ብቻዬን ቢሮ ገብቼ፣ የተናገሩትን እንደማስታውሰው ጻፍኩና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሠራሁት፤ ኤአይ በሚሉት። ለድምፃቸው ባለፈው ኢድ በቴሌግራም የላኩልኝ መልእክት ነበረኝ፤ ለምን ጠፋህ ልጄ፣ ና እንጂ የሚል። ያንን ነው ለማሽኑ የሰጠሁት። ማሽኑ ከዚያ ናፍቆት ላይ ድምፃቸውን አውጥቶ «ምልክቱን ንገረኝ» አሰኛቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ እጃቸው ተወራጨ። የሆነ ነገር ነው የሠራሁት፤ ያልሆነ ነገር አልጨመርኩም። ውሸት አይደለም፣ የጠፋ እውነት መጠገን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሥራው ሲያልቅ እንባ መጥቶብኝ ነበር፣ በገዛ እጄ ሥራ።

መጀመሪያ ለእሳቸው ወስጄ አሳየኋቸው። ከየት አገኘኸው ሲሉኝ አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ተገኘ አልኩ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። «ይኸው፣ እንዲህ ነው ያልኩት፣ አልሃምዱሊላህ» አሉና አለቀሱ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለእኔ ዱዓ አደረጉልኝ፤ ረጅም ዱዓ። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልተከፈተችም፤ እኔም ቪዲዮውን ለቀቅኩት።

ሁለት ቀን ጥሩ ነበር። ሼህ ሙደሲር በራሳቸው ስልክ ይዘው ለሚያምኑትም ለማያምኑትም አሳዩ። አምስት ተሸካሚዎች ጥቅላቸውን መለሱ። ረቡዕ ዕለት አንድ የማላውቀው ልጅ ቪዲዮውን አቁሞ፣ ከእትዬ ጠሂራ ጀርባ ያለውን የሱቅ ማስታወቂያ በቀይ አክብቦ አወጣው። ሱቁ «ሱሀይር ጨርቃ ጨርቅ» ይላል፤ ሁሉም ያውቀዋል። በእኔ ቪዲዮ ላይ ግን ፊደል የሚመስል ፊደል ያልሆነ ነገር ነው የተጻፈው፤ ማሽኑ አማርኛ አያነብም። ያን ሁሉ ሰዓት ፊታቸው ላይ አፍጥጬ ጀርባቸውን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያሳፍረኛል። ሌባ መባላቸው ሳያንስ ሌባ ሆነው ሐሰተኛ ቪዲዮ ያሠሩ ተባሉ። ጎበዜ ሌላ ክፍል ሠራበት፤ ቴክኖሎጂ በክፉ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚያመጣ ኮቱን ለብሶ መከረ። ከመጀመሪያው የበለጠ ታየ። ሼህ ሙደሲር በሐሰት ቪዲዮ ሰው ያሳመኑ ሽማግሌ ሆነው ቀሩ፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አፋቸውን እንደማይከፍቱ ለእትዬ ጠሂራ መልእክት ላኩ። ስልኩ የመመለሱ ነገርማ ጭራሽ ተረሳ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አባባሉን የፈጠረው ሰው ኮሜንት አንብቦ አያውቅም።

ሐሙስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሁለተኛውንም የሠራሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። አልጮሁም። ከመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ኖሮ ለሼህ ሙደሲር ልጄ ነው አጠፋ ብዬ እነግራቸው ነበር አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው የገደለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሶሬሳ ከጅማ መጣ። ደረጃውን ሮጦ ነበር የወጣው፤ በር ላይ ቆሞ ትንፋሹን መሰብሰብ አቃተው። ወሬውን መንገድ ላይ ነው የሰማው። በቀረጻ ጊዜ ሸሚዙ ኪስ ላይ ትንሽ ካሜራ እንደምንሰካ አስታወሰኝ፤ ለድምፅ ብለን ነው፣ ምስሉን ተጠቅመንበት አናውቅም። ሶሬሳ ግን ትወናውን ለማሻሻል የራሱን ሥራ ሁሌ ወደ ላፕቶፑ ይገለብጣል። ሰጠኝ። ከፈትኩት። እትዬ ጠሂራ ናቸው፤ ከቅርብ፣ ሙሉ ፊታቸው፣ ያልደበዘዘ። «አላየሁም» አሉ። ከዚያ ሃያ ሁለቱም ሴኮንድ መጣ፣ አንድ በአንድ። ከኋላቸው «ሱሀይር ጨርቃ ጨርቅ» ይላል፣ ፊደሉ አንድም ሳይጎድል።

እኔና ሶሬሳ ተቃቅፈን እንደ ሕፃን አለቀስን። ወዲያው ለቀቅነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ኮሜንት መጣ፤ «አሁን ደግሞ ፊደሉን አስተካክለው መጡ» ይላል። ከሥሩ የሚስቅ ፊት ተደርድሯል። ሶሬሳ በራሱ ስም ማለ፣ ፊቱን አሳይቶ ተናገረ፤ ስንት ተከፈለህ አሉት። አንዱማ የሶሬሳም ፊት የተሠራ ነው፣ ጆሮውን እዩት አለ። ስልኬን ዘጋሁት። ሌላው አገር ባያምን ምን ቸገረኝ፣ እሳቸው ይዩት፣ እሳቸው እውነቱ እንዳልጠፋ ይወቁ ብዬ ወደ ሰባተኛ ሮጥኩ።

ሸራው ወርዷል። እትዬ ጠሂራ ገመዱን እየፈቱ በክርናቸው ላይ ይጠቀልሉ ነበር። አጠገባቸው አንድም ጥቅል የለም። ኮምቦልቻ ያለች እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከተቀመጡባት ቦታ። ቁጭ አድርጌ፣ ይኸኛው ዋናው ነው፣ ሶሬሳ ኪስ ውስጥ የነበረው ነው፣ ማንም አልነካውም አልኳቸው።

አዩት። መነጽራቸውን አውጥተው ደግመው አዩት። ለሦስተኛ ጊዜ ራሳቸው ነኩትና ከመጀመሪያው አስጀመሩት። በፊታቸው ላይ ደስታ ፈለግኩ፤ ንዴትም ቢሆን ይበቃኝ ነበር።

«ይኸኛውስ ስንት ቀን ፈጀብህ?» አሉኝ።

በእናቴ ነፍስ ማልኩ። በታቦቱ፣ በመስቀሉ ማልኩ። ሶሬሳን ልጥራልዎት፣ ይምጣና ይንገርዎት አልኩ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

«አትማል ልጄ። ያኛውንም ስታሳየኝ እንዲህ ነው ያልኩት ብዬ አልቅሻለሁ። አላልኩትም ነበር ለካ፤ አንተ ነህ ያልከው። ይኸኛውም እኔ ያልኩት ይመስላል። ግን አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ያን ቀን ላስታውስ ስል የሚመጣልኝ አንተ ያሳየኸኝ ነው።» ቀጥሎ የተናገሩት ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ይመስል ነበር። «ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲል ደግሞ... ስልኩን ሳነሳ ልወስደው አስቤ ይሆን እንዴ?»

አላሰቡም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ መንገደኛ ዞሮ እስኪያየን። አላሰቡም እትዬ፣ እኔ አውቃለሁ፣ እኔ አይቻለሁ።

«አንተማ ምን ታውቃለህ» አሉ፣ ያለ ምንም ቂም፣ ገመዳቸውን እያነሱ። «አልነበርክም እኮ።»

ሸራውን አጣጥፌ እስከ ሚኒባሱ ተሸከምኩላቸው።